ፍየሉን የወሰድኩት እኔ ነኝ

የምነግራችሁን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም። ለነፍስ አባቴ እንኳ ግማሹን ብቻ ነው የተናዘዝኩት፤ እሱንም ስናገር ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ሌላውን ግማሽ ዋጥኩት። እየሳቁ መናዘዝ ነውር ነው የምትሉ ካላችሁ ከአሁኑ ተዉኝ። ይህን ነገር ባስታወስኩ ቁጥር ደስታዬና እፍረቴ ተያይዘው ነው የሚመጡት። ለየብቻ ላቀርባቸው ሞክሬ አልሆነልኝም።

እኔ ሰርቄአለሁ። የሰረቅኩት ፍየል ነው። እውነተኛ ፍየል ቢሆን ኖሮ ጠብሰን በልተነው፣ ነገሩም እዚያው በቀረ ነበር። የእኔው ግን የወረቀት ፍየል ነው፤ ሁለት ጨረቃ በወጣበት ሰማይ ስር ዘውድ ደፍቶ፣ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ ኦርጋን የሚጫወት ፍየል። በሰባዎቹ መጀመሪያ አንድ የእንግሊዝ የሮክ ባንድ ሜሪላንድ መጥቶ በአንድ ኮሌጅ አዳራሽ ውስጥ ላሳየው ኮንሰርት የታተመ ፖስተር ነው። የባንዱን ስም ብነግራችሁ አታውቁትም። ሦስት አልበም አውጥቶ ተበተነ። በዚህ አካባቢ ከምንኖር ሐበሾች መካከል የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ እኔና ፍቅሩ።

ፍቅሩ አብሮ አደጌ ነው። ተማሪ ሳለን የእሱ ታላቅ ወንድም ከውጭ ያመጣት አንዲት ካሴት ሁለታችንንም ለከፈችን። ፕሮግሬሲቭ ሮክ ይሉታል። አንዱ ዘፈን ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ መሃል ላይ ፍሉት ይገባል፣ ከዚያ ከበሮው ብቻውን ይሄዳል፣ ዘፋኙን ጭራሽ ስትረሱት ተመልሶ ይመጣል። ሰው ሁሉ «ዘፈኑ መቼ ነው የሚጀምረው?» ሲል እኔና ፍቅሩ ዐይናችንን ጨፍነን በደስታ እንወዛወዛለን። አሜሪካም ከመጣን በኋላ አልለቀቀንም። እሱ ሲልቨር ስፕሪንግ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ሆነ፣ እኔ አሌክሳንድሪያ አንድ ሥዕልና ፎቶ ፍሬም የሚያደርግ ሱቅ ገባሁ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ ደግሞ የእነዚያን ባንዶች የድሮ የኮንሰርት ፖስተሮች መሰብሰብ ጀመርን።

ያን ደስታ እንዴት ልንገራችሁ? ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ሰው ጓዳውንና ጋራዡን ገልብጦ የሚሸጥበትን ሰፈር ሁሉ እናስስ ነበር። ሄርንደን ድረስ ሄደን አንድ የተሰበረ ጊታር ብቻ አይተን የተመለስንበት ቀን አለ፤ በመንገዳችን ሁሉ ስንስቅ ነው የመጣነው። ሥራዬ ስለሆነ ወረቀቱን የምመረምረው እኔ ነኝ። የዘመኑ ወረቀት ስስ ነው፤ የታጠፈበት ቦታ ቀለሙ ይላጣል፣ ከታች ጠርዙ ላይ ያተመው ማተሚያ ቤት ስም በደቃቅ ፊደል ይገኛል። ቅጂ ከሆነ በማጉያ መነጽር ሲታይ ቀለሙ ሁሉ ነጠብጣብ ነው። ሕጋችን አንድ ነበር። እጁ ቀድሞ ያረፈበት ወሰደ፤ ክርክር የለም።

ፍየሉን ያገኘነው ዊተን ነው፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ቤታቸውን ሸጠው ልጃቸው ጋ ሊሄዱ ሲሉ። ምድር ቤቱ ውስጥ ተንበርክኬ ካርቶን ስበረብር ከወዲያ ማዶ ከአሮጌ ካርታዎች ስር አንድ የዘውድ ጫፍ ብቅ ብሎ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ልቤ መትቶ አያውቅም። ዝም ብዬ ሄጄ እጄን ባሳርፍበት የእኔ ነበር። ዝም ማለት አቃተኝ። «ፍየሉ! ፍቅሩ፣ ፍየሉ!» ብዬ ጮህኩ። ፍቅሩ ደግሞ አጠገቡ ነበር የቆመው፤ ዞር አለና መዳፉን ጣል አደረገበት።

ያን ቀን እንደ ልጅ ዘለልን፣ ተቃቀፍን፣ ሽማግሌውም ግራ ገብቷቸው አብረውን ሳቁ። ቤቴ ስደርስ ግን አንድ ነገር ጎረበጠኝ። ያየሁት እኔ! ያወቅኩት እኔ! የጮህኩት እኔ! ይህን የምላችሁ ጥፋቴን ለማቅለል አይደለም። ሕጉን ያወጣነው አብረን ነው፤ ፍየሉ የፍቅሩ ነበር።

አሁን ትርሲትን ልንገራችሁ። ትርሲት የፍቅሩ ሚስት ናት፤ ነርስ፣ ሳቋ ከሌላ ክፍል የሚሰማ፣ ቤቷ የገባን ሰው ሳታበላ የማትለቅ። ከላንግሊ ፓርክ አፓርታማቸው ወጥተው ሲልቨር ስፕሪንግ ታውንሃውስ ሲገቡ፣ የነፍስ አባታቸው ቅዳሜ ከሰዓት መጥተው አዲሱን ቤት ጸበል እንዲረጩላቸው ተቀጠረ። ፍቅሩ ከሥራ በቀጥታ ሊደርስ ነው። እኔ ሥዕለ አድኅኖዎቹንና ፎቶዎቹን እንድሰቅልላት ሚስማርና መዶሻዬን ይዤ ቀድሜ ሄድኩ። ሁሉንም ሰቅዬ ስጨርስ ትርሲት ፍየሉን ዘርግታ ያዘችልኝ።

«ይሄንንስ የት እናድርገው ደሬ? ፍቅሩ ሳሎን ካልሆነ ብሏል» አለችኝ።

ትርሲት አንዳች ክፉ ሐሳብ አልነበራትም። ክፉውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ፍየሉን አየሁ፤ አገጬን አሻሸሁ። ከዚያ እንደ ዋዛ አድርጌ፣ «ትርሲትዬ፣ ወንጌሉ ላይ በጎቹ በቀኝ ናቸው። ፍየሎቹ በየት በኩል ነበር የቆሙት?» አልኳት።

«በግራ» አለችኝ ቀስ ብላ።

«እንግዲህ ቀንዱ ላይ ዘውድ ደፍቷል። አባ ደግሞ ዛሬ ነው የሚመጡት። እነዚህ የባንዱ ልጆች ኮንሰርት ከመጀመራቸው በፊት ለማን እንደሚጸልዩ ታውቂያለሽ?»

ሌላ አልጨመርኩም። ማን እንደሆነ አልተናገርኩም። የጎደለውን ሞልታ የጨረሰችው እሷ ናት፤ ያ ነው ተንኮሌ። ኦርጋን ተጫዋቹ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙር እየተጫወተ ያደገ ልጅ እንደነበር አንድ የድሮ መጽሔት ላይ አንብቤአለሁ። ይህን እያወቅኩ ነው ያስፈራራኋት።

«ውይ በእመቤቴ! አውጣልኝ፣ ቶሎ አውጣልኝ! ደምፕስተሩ ከኋላ ነው።»

«ፍቅሩስ?» አልኳት፤ ለእሱ የተጨነቅኩ መስዬ።

«እሱን ለእኔ ተወው። ራሴ ጣልኩት እለዋለሁ። በአንድ ወረቀት ምክንያት እናንተ ሁለታችሁ ስትጣሉ ማየት አልፈልግም።»

ይህን ቃሏን ልብ በሉልኝ። እኔ ልሰርቃት ስሰናዳ እሷ ጓደኝነቴን ልታድንልኝ ነበር። ሰው ይህን ሰምቶ አይመለስም? እኔ አልተመለስኩም። ፖስተሩን ጠቅልዬ ወጣሁ፣ ትልቁን የቆሻሻ ገንዳ፣ ደምፕስተሩን አለፍኩ፣ መኪናዬን ከፍቼ ትርፍ ጎማው ላይ በብርድ ልብስ ሸፍኜ አስተኛሁት። ተመልሼ እጄን ታጠብኩ።

አባ መጡ፤ ጸሎት ተጀመረ። ፍቅሩ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ደርሶ ከጎኔ ቆመ። አባ ጸበሉን እየረጩ ከግድግዳ ግድግዳ ሲዞሩ የፍቅሩም ዐይን አብሮ ይዞራል። አባ የቤቱን በረከት የሚከተል መስሏቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም፤ እሱ ግን ፍየሉን ነበር የሚፈልገው። ጸበሉ ፊቴ ላይ ሲያርፍ ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ።

አባ እንደወጡ ትርሲት ቃሏን ጠበቀች። «ጣልኩት» አለችው። ፍቅሩ በኋላ በር ሮጠ። እኔስ ምን አደረግኩ መሰላችሁ? ተከትዬው ሮጥኩ! እጅጌዬን ሰብስቤ ደምፕስተር ውስጥ ገባሁ። አንዱን ጥቁር ከረጢት እሱ፣ አንዱን እኔ እየፈታን አንድ ሰዓት ሙሉ ፈለግን። ፍየሉ ያን ጊዜ ከእኛ ሃያ እርምጃ ርቀት ላይ መኪናዬ ውስጥ ተኝቷል። በሰው ሱሪ ላይ የሙዝ ልጣጭ ተለጥፎ «አይዞህ፣ ሌላ እናገኛለን» ማለትን የመሰለ ውሸት ከዚያ ወዲያ አልዋሸሁም። ፍቅሩ መጨረሻ ላይ ትከሻዬን ይዞ፣ «አንተ ባትኖር አብድ ነበር» አለኝ።

ፍየሉ አሌክሳንድሪያ፣ የእኔ አፓርታማ ገባ። ሱቃችን ውስጥ ካለው እንጨት ምርጡን ቆርጬ፣ ፀሐይ የማያሳልፍ መስታወት አልብሼ ከሶፋዬ በላይ ሰቀልኩት። አሁን እውነቱን ልናገር ወይስ የሚያምረውን? እውነቱ ደስተኛ ነበርኩ። ጠዋት ስነሳ «እንዴት አደርክ ጌታዬ» እለዋለሁ። ሻዬን ይዤ ፊቱ እቀመጣለሁ። ጸጸት እንቅልፍ ነሣኝ ብላችሁ ዋሸሁ፤ ደህና አድርጌ ነበር የምተኛው።

የነሣኝስ ሌላ ነገር ነው። ፍቅሩን ቤቴ ማስገባት አልቻልኩም። ለዘጠኝ ዓመት! ሐበሻ ደግሞ እንደምታውቁት ቀጠሮ አይዝም። አንድ እሑድ ፍቅሩ ትርሲት የሠራችውን ዶሮ ወጥ በሳህን ይዞ በሬን አንኳኳ። በሩን በትከሻዬ ዘግቼ ቆምኩ። ምን ልበል? «አትግባ፣ ትኋን ገብቶብኛል!» አልኩት። ወጡን መሬት ላይ አስቀምጦ ወደ ኋላ ተስፈነጠረ። በሳምንቱ የትኋን መድኃኒት በፕላስቲክ ከረጢት ሞልቶ በር ላይ ትቶልኝ ሄደ። ወሬው ሜሪላንድን አዳርሶ ለሁለት ዓመት ያህል ማንም ሰው ሶፋው ላይ አላስቀመጠኝም፤ በየሰርጉ፣ በየክርስትናው የፕላስቲክ ወንበር ነበር የሚሰጠኝ። ይህ ቅጣት ከሆነ የሚያስቅ ቅጣት ነው። ለእኔ የሚገባውን ቅጣት የተቀበለችው ግን ሌላ ሰው ናት።

ፍቅሩ ቂመኛ አይደለም፤ ቀልደኛ ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ «ይቺ ሚስቴ ፍየል አራጅ ናት፤ ያውም የተከበረ ፍየል፣ ያውም ባለዘውድ» ብሎ ታሪኩን ይጀምራል። ሰው ይስቃል። ትርሲትም መጀመሪያ መጀመሪያ አብራ ትስቅ ነበር። ከዓመታት በኋላ አንድ ቀን ቀልዱ ሲጀመር ሳህን አንስታ ወደ ኩሽና ስትሄድ አየኋት። በሚቀጥለው ጊዜም እንዲሁ። «የእኔ ጥፋት ነው፣ ምን ልሁን?» ትላለች፤ ፈገግ ብላ፣ ሳቋ ግን የለም። ያ ከሌላ ክፍል የሚሰማው ሳቅ! እኔ አየሁ። አይቼ ምን አደረግኩ? ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ከሌላው ጋር ሳቅኩ።

ፍቅሩ ሃምሳ ዓመት ሊሞላው ወር ሲቀረው ትርሲት ሥራ ቦታ ኮል አደረገችኝ።

«ደሬ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ፣ ለፍቅሩ እንዳትነግረው። ለበርዝደዩ ያንን ፍየል ፈልጌ ሰርፕራይዝ ላደርገው ነው። ኦንላይን ሰርች ሳደርግ ሁለት ዓመቴ፤ የለም። ይሄንን የምታውቅ አንተ ብቻ ነህ።»

እሷ ቀጠለች።

«አባን እኮ ጠየቅኳቸው። ሳቁብኝ። ፍየል ነው፣ ምን አደረገሽ አሉኝ። በከንቱ ነው ያስከፋሁት ደሬ። አሁን ለእመቤታችን ጃንጥላ ተስያለሁ፤ ይገኛል።»

እዚያ ላይ መናገር ነበረብኝ። ከዚያ የተሻለ ሰዓት ከየት ይመጣል? ስልኩ ላይ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ሴትየዋ ለጠፋ ዕቃ ተስላለች፤ ዕቃው ከሶፋዬ በላይ ተሰቅሏል። አንድ ቃል ነበር የቀረኝ። እኔ ግን «እስቲ ልሞክር» አልኳት። በዚህ ብቻ አላበቃሁም። ቶሎ ከተገኘ ይነቃብኛል ብዬ ሦስት ሳምንት አቆየኋት። በየሳምንቱ እደውላለሁ። አንዴ «ኦሃዮ አንድ ሰው አለው ይላሉ» እላለሁ፤ አንዴ «ሰውዬው አልሸጥም አለኝ» እላለሁ። እሷ በየስልኩ ታለቅሳለች፣ ትጸልያለች። በመጨረሻ «አገኘሁት፣ ስጦታዬ ነው» ስላት ስልኩ ውስጥ እልልታዋን አቀለጠችው፤ የሱቁ ደንበኞች ዞረው አዩኝ።

ፍየሉን ከግድግዳዬ ሳወርድ አንድ ሥራ ቀረኝ። ከላይ በግራ ጥጉ ላይ የድሮ ስቴፕለር የተወው የዝገት ምልክት ነበረ፤ ፍቅሩ ያንን ምልክት እንደ ልጁ ፊት ያውቀዋል። በፍሬሙ ውስጥ ዙሪያውን የሚገባውን ካርቶን ሰፋ አድርጌ ቆርጬ ምልክቱን ሸፈንኩት። እጄ እንደዚያ ቀን ጎበዝ ሆኖ አያውቅም።

በዓሉ እሑድ ከሰዓት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰባ ሰው ይሆናል። ትልቁን ስጦታ አስገብተው መሃል ላይ አቆሙት። ፍቅሩ ወረቀቱን በጥንቃቄ ሊያወልቅ ሲታገል ልጁ ሶልያና ትዕግሥቷ አልቆ፣ «ዳዲ፣ ጀስት ኦፕን ኢት!» አለችው። ቀደደው። ዘውዱ ወጣ፣ ቀንዱ ወጣ። ፍቅሩ ሃምሳ ዓመቱን ረስቶ ተንበረከከ። «ፍየሌ! ፍየሌ!» እያለ መስታወቱን ሳመው። መነጽሩን አድርጎ ጥጉን መረመረና፣ «የእኔኛው ዝገት ነበረበት፤ ይሄኛው ይበልጣል!» ብሎ አዳራሹን በሳቅ ገደለው። እመኑኝ፣ በሕይወቴ ያን ያህል ደስታ አንድ ክፍል ውስጥ ተሰብስቦ አይቼ አላውቅም።

ከዚያ ትርሲት ማይክ ያዘች።

«ፍቅርዬ፣ ዘጠኝ ዓመት ስቀህ አለፍክልኝ። ዛሬ በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ልጠይቅህ። ማመን ያልነበረብኝን አምኜ የምትወደውን ነገር ጣልኩብህ። የእኔ ጥፋት ነው። ደግሞ ደሬ ባይኖር ይሄ አይገኝም ነበር።»

ማመን ያልነበረብኝን አለች። ማንን እንዳመነች አልተናገረችም። በዚያች ሰዓት እንኳ ስሜን ከአፏ ያወጣችው ልታመሰግነኝ ነው።

እኔስ? አጨበጨብኩ። ቀድሜ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ። እኔ ለሠራሁት ሥራ እሷ ስትለምን፣ እኔ ቆሜ አጨበጨብኩ፤ ሰውም ሁሉ ተከተለኝ። ፍቅሩ መጥቶ አንገቴን አነቀኝ፣ «ወንድሜ» አለኝ፣ ሙዚቃው ተለቀቀ፣ እስክስታ ወረድን። ወለሉ እስኪነቃነቅ ጨፈርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህንንም አልደብቃችሁም።

በወሩ ትርሲት ስለቷን አስገባች። ወርቃማ ዘርፍ ያለው ቀይ ከፋይ ጃንጥላ። በድምፅ ማጉያ «ስለታቸው ለሰመረላቸው እህታችን እልል በሉ» ሲባል ቤተ ክርስቲያኑ በእልልታ ተናወጠ። እኔ ከወንዶቹ በኩል ቆሜ ነበር። የእኔ ውሸት መቅደስ ድረስ ገብቶ ሰው ሲያጨበጭብለት ሳይ ወደ በሩ አፈገፈግኩ። የዚያን ሳምንት ነው ነፍስ አባቴ ጋ የሄድኩት። «ሰርቄ ነበር፣ መልሻለሁ» አልኳቸው። «ላጠፋህበት ሰው ነገርከው?» አሉኝ። «ባለቤቱ ዕቃውን አግኝቷል» ብዬ አለፍኩ። የዋጥኩት ግማሽ የትርሲት ነገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። ሁሉም ደስተኛ ነው፤ ችግሩም ይሄው ነው። ፍየሉ ሳሎናቸው ላይ ነግሷል፣ የእኔ ቤት በር ለፍቅሩ ተከፍቷል፣ ትኋኑም እንደ ተአምር ጠፍቷል። ለምን ነገሩን ታምሳለህ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ለራሴ ስለው የኖርኩት ይህንን ነው። ግን ባለፈው እሑድ ቤታቸው ነበርኩ። አንዱ እንግዳ ፍየሉን አይቶ «ከየት አመጣችሁት?» ሲል ፍቅሩ በሳቅ ጀመረ፣ ወደ እኔም ጣቱን ጠቆመ። ትርሲት ፍራፍሬ እየቆረጠች አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ «የእኔ ጥፋት ነበር» አለች። ዛሬም! ዕቃው ተመልሶ፣ ስለቱ ገብቶ፣ ባሏ ረስቶት፣ እሷ አሁንም ተሸክማዋለች።

ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ለፍቅሩ አላነበውም፤ ቀድሜ የማነበው ለትርሲት ነው። እሱ ፍየሉን አግኝቷል። ትርሲት፣ ከአንቺ የወሰድኩት ግን ፍየል አይደለም። አስፈራራሁሽ። ያንቺን ደግነት መሸሸጊያዬ አደረግኩት። በሰባ ሰው ፊት ስትዋረጂ አጨበጨብኩ። ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አልልም፤ ስለ ሰይጣን አንዴ ዋሽቼሻለሁ። ይቅር በይኝ ብዬም አልጣደፍብሽም፤ በፈለግሽው ቀን፣ ባትፈልጊም ተይው። አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ይኼን ሁሉ ዘመን «የእኔ ጥፋት ነው» ስትይ የኖርሽው ጥፋት ያንቺ አይደለም። የእኔ ነው፣ መልሺልኝ።